ሊንኩን ማን ይከፍተዋል?

አጎቴ የሚኖረው ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ነው። እኛ ቤት «አያ» ነው የሚባለው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ማንበብ ነፍሱ ነው። ስለ አሲዳማ አፈር አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ድረ ገጼ ላይ ጽፌ ሊንኩን በቴሌግራም ላክሁለት። በማግስቱ ጠዋት ደወለ።

«አንተ ልጅ፣ የላክኸው ነገር እኮ አልከፈት አለኝ።»

ልጁ ስክሪንሾት አንስታ ላከችልኝ። ነጭ ገጽ ነው። አናቱ ላይ ያቺ ቀጭን መስመር ትንሽ ሄዳ ቆማለች። ጽሑፉ መሀል ትልልቅ ፎቶዎች ጭኜ ነበር፤ እነሱን ሲጠብቅ የአያ የዳታ ጥቅል አለቀ። ከዚያ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣ ነገር ተናገረ። «ጽሑፉን ራሱን ላክልኝ እንጂ፣ አድራሻውን ምን ላድርገው?»

ያንኑ ሊንክ ፌስቡክ ላይም ለጥፌው ነበር። ላይኩ ብዙ ነው። «በርታ ወንድሜ» የሚል ኮሜንት ተደርድሯል። ገጹን የከፈተው ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ወዳጆቼ ያጨበጨቡት ለጽሑፉ ሳይሆን ለርዕሱና ለእኔ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሞጣ፣ ከዳንግላ የሚጽፉ ልጆች አውቃለሁ። ስለ እርሻ የሚጽፍ አለ፣ ስለ አካባቢው ታሪክ የሚጽፍ አለ፣ ስለ ሕግና ስለ ጤና የምትጽፍ አለች። ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው። «ሰው አያነብም።» እኔም እንደዚያ እል ነበር። አሁን አልልም። ሰው ያነባል። የምንልክለት መንገድ ነው ችግሩ። እኛ አካባቢ ጽሑፍ የሚደርሰው በሊንክ ሳይሆን በሰው ነው። ይህን ሳይረዱ ሶሻል ሚዲያ ላይ መለጠፍ ጉልበት መጨረስ ነው።

መጀመሪያ ሊንክ ለምን እንደሚቀር እንይ።

ፌስቡክ የሚኖረው ከማስታወቂያ ነው። ሰው እዚያው በቆየ ቁጥር ብዙ ማስታወቂያ ያያል። ሊንክ ደግሞ እንግዳውን ከቤት የሚያስወጣ በር ነው። ስለዚህ በሩ ወለል ብሎ እንዲታይ አይፈለግም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ፌስቡክ ፊዱን፣ ማለትም ስንከፍተው የሚደረደርልንን የፖስት ዝርዝር፣ ሲቀይር ለወዳጅና ለቤተሰብ ፖስት፣ ሰዎች ለሚወያዩበት ነገር ቅድሚያ እሰጣለሁ ብሎ በግልጽ ተናገረ። የገጾች ፖስት ወደ ኋላ ቀረ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ስለ አሜሪካ ተጠቃሚዎች በሚያወጣው ሪፖርት ላይ ሰው ፊዱ ላይ ከሚያያቸው ፖስቶች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ወደ ውጭ የሚወስድ ሊንክ የላቸውም። ኔትወርክ እንደ ልብ በሆነበት አገር እንኳ ነገሩ እንዲህ ነው።

«ሊንኩን ኮሜንት ላይ ታገኙታላችሁ» የሚባለው ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው። ትንሽ ይረዳ ይሆናል። ግን አንባቢውን አንድ ተጨማሪ እርምጃ ያስኬደዋል። ኮሜንቱ ሲበዛ ደግሞ ሊንኩ ከሥር ይቀበራል።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛው ነው። ዳታ በብር ይገዛል። ብቸና ወይም መርጡለ ማርያም ያለ ሰው በ10 ብርም በ20 ብርም ጥቅል ሲገዛ ለምን እንደገዛው ያውቃል። ቴሌግራም ለማየት፣ ልጁ ጋር ለመደወል፣ ቲክቶክ ለማየት። የማያውቀውን ገጽ ለመክፈት አይደለም። «ከፍተህ እየው» ስትለው ከኪሱ አውጥቶ እንዲከፍል እየጠየቅኸው ነው። ምን እንዳለበት ሳያውቅ ለምን ይክፈል?

አያ ያለኝን አደረግሁ። ጽሑፉን ገልብጬ በቴሌግራም ላክሁለት። ቴሌግራም አንድ መልእክት ከ4,096 ፊደልና ምልክት በላይ አይቀበልም። በአማርኛ ይህ ወደ 700 ወይም 800 ቃል ይሆናል። የእኔ ጽሑፍ ከዚያ ስለበለጠ ለሦስት ከፈልሁት። «1»፣ «2»፣ «3» ብዬ ቁጥር ሰጠሁት። አያ አንብቦ ሲጨርስ እሱ ላለበት የጡረተኛ መምህራን ግሩፕ ላከው። ከዚያ አንዱ ለእድሩ ግሩፕ ላከው። አንዷ ደግሞ በግብርና ሥራ ላለ ልጇ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጽሑፉ ከብቸና ለእኔው ለራሴ ተላከ። «አንብበው፣ ይጠቅምሃል» ይላል ከላይ። ስሜ የለበትም። የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ሁለተኛው ክፍል ላይ «ኖራ»ን «ኖረ» ብዬ የተሳሳትኋት ቃል እንዳለች ስለነበረች ነው።

ያን ቀን ሁለት ነገር ተማርሁ። አንደኛ፣ ጽሑፉ ሄዷል፤ እኔ ልገምተው ከምችለው በላይ ሄዷል። ሁለተኛ፣ ሲሄድ እኔን ጥሎኝ ነው የሄደው።

ጎጃም ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስም፣ በቅኔ ስማቸው የሚጠራው በምንድን ነው? ቅኔ በማኅሌት ይዘረፋል፣ አድማጩ «ይበል!» ይላል፣ አለቀ። አይደገምም፤ ለሌላ ቀን ሌላ ቅኔ ነው የሚያስፈልገው። የቀረውን የሚሠራው የሰማው ሰው ነው። የቆሎ ተማሪው ኮሮጆውን አንግቶ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲሄድ ቅኔውን በቃሉ ይዞት ይሄዳል። ሲያቀርበው ግን «እገሌ እንዲህ ብለው ተቀኙ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ባለቤቱን ከቅኔው አይለይም። እኛ በስልክ ያጣነው ያንን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለዚህ አሁን ስሜንና የቻናሌን አድራሻ ከእያንዳንዱ ክፍል ሥር እጽፋለሁ። ከመጨረሻው ክፍል ብቻ ሳይሆን ከሦስቱም። ሰው አንዱን ክፍል ነጥሎ ሊልከው ይችላላ። ስሙም ራሱ ጽሑፉ ውስጥ፣ በመጨረሻው አንቀጽ ተጠግቶ ይቀመጥ። ብቻውን ባዶ መስመር ላይ ከተቀመጠ ገልባጩ ሳያስበው ይተወዋል።

ቴሌግራም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ አካባቢ ዋናው መንገድ እሱ ስለሆነ።

ግሩፕና ቻናል አንድ አይደሉም። ግሩፕ ገበያ ነው፤ ሁሉም ያወራል፣ ያንተ ጽሑፍ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከላይ ይጠፋል። ቻናል የራስህ ደጅ ነው፤ የለጠፍኸው እዚያው ይቆያል። ከቻናል ፎርዋርድ የተደረገ ጽሑፍ ከአናቱ የቻናሉን ስም ይዞ ይሄዳል። ያንን ስም የነካ ሰው ተመልሶ ወደ ደጅህ ይመጣል። ኮፒ ተደርጎ ከተለጠፈ ግን ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ ለአያ አሁን ጽሑፉን በቀጥታ አልልክለትም፤ መጀመሪያ ቻናሉ ላይ ለጥፌ ከዚያ ፎርዋርድ አደርግለታለሁ። ለእሱ ልዩነት የለውም። ለእኔ ግን ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ነው። ከሥሩ ያለችው የዓይን ምልክትም ፎርዋርድ የተደረገውን ሁሉ ጨምራ ትቆጥራለች። ጽሑፉ መንገድ ላይ መሆኑን የማውቀው በእሷ ነው።

ፎቶ ለጥፈው ጽሑፉን ከሥሩ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ ያለ ክፍያ የሚፈቀደው 1,024 ፊደል ብቻ ነው፤ ወደ 200 ቃል። ለመግቢያ ይሆናል። ለሙሉ ጽሑፍ አይሆንም።

ጽሑፉ በጣም ረጅም ከሆነ ቴሌግራፍ አለ። ቴሌግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነጻ ገጽ ነው። አካውንት አይጠይቅም። ከቴሌግራም ሳይወጡ እዚያው ይከፈታል፤ ማስታወቂያ የለው፣ ከባድ ነገር የለው። ለአያ ሞክሬለት ወዲያው ተከፍቶለታል። የራሴን ገጽ ግን አልተውሁም። የተሟላው ጽሑፍ፣ ከነፎቶውና ከነማስተካከያው፣ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ፍለጋ ያለው ሰው እዚያ ያገኘዋል።

ቻናል ግን ባዶ ደጅ ነው፤ ሰው የሚያመጣው ሰው ነው። እያንዳንዱ አካባቢ ሁለት ሦስት ሰው አለው፣ የላከው ነገር የሚነበብለት። መምህር ይሆናል፣ የእድር ጸሐፊ ይሆናል፣ ፋርማሲ ያላት ሴት ትሆናለች። ተከታያቸው ብዙ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን «ይህችን አንብቡ» ሲሉ ይነበባል፤ ዝም ብለው ነገር የማይልኩ ሰዎች ናቸዋ። እኔ ለአንድ ጽሑፍ አምስት እንዲህ ያሉ ሰዎችን አስባለሁ። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ እጽፍላቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ባለፈው ስለ ማዳበሪያው ያነሡት ነገር ላይ ጻፍሁ፤ ጊዜ ካገኙ ይዩልኝ» ብዬ። ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት መልእክት መላክ ሌላ ነገር ነው። ሰው የጅምላ መልእክትን ከሩቁ ያውቃታል።

ፌስቡክ ላይ ሥራው ሌላ ነው። እዚያ አንባቢህ በአብዛኛው ከተማ ያለውና ውጭ አገር ያለው ጎጃሜ ነው። ረጅም ፖስት ስትለጥፍ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች በኋላ ይቆረጥና ቀሪውን ለማየት መንካት ያስፈልጋል። ያቺ መግቢያ ናት ሁሉ ነገር። እኔ መጀመሪያ የአፈሩን ጽሑፍ የለጠፍሁት «የአፈር አሲዳማነት መንስኤዎችና መፍትሔዎቹ» ብዬ ነበር። የሴሚናር ርዕስ ነው። ማንም አልነካውም። በኋላ እንዲህ ብዬ ጀመርሁት፦ «ማዳበሪያው ያው ነው፣ ዝናቡም አልከፋም፣ ገብሱ ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው። ለምን?» ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ ከአንድ ገበሬ አፍ የሰማሁት ነው። ከሥሩ መልሱን አስቀመጥሁ። አፈሩ ሲኮመጥጥ ፎስፈረሱ ይታሰራል፤ ማዳበሪያ ብትጨምርበትም ሰብሉ አያገኘውም፤ ኖራ ያስፈልገዋል። ሙሉውን እዚያው ጻፍሁት። ሊንኩን ጨርሶ ላነበበና ተጨማሪ ለሚፈልግ ሰው መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ያን ጊዜ ነው ሰው ጥያቄ መጠየቅ የጀመረው። «ኖራው የት ይገኛል? በሄክታር ስንት ኩንታል? ከመቼ በፊት ይበተን?» «በርታ» ከሚል መቶ ኮሜንት እንዲህ ያለ አንድ ጥያቄ ይበልጥብኛል።

ሰዓትም አለው። ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሰው ሥራ ጨርሶ ስልኩን ይይዛል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ስትለጥፍ ዋሽንግተን ያለው ወገን ገና ቀኑ እኩል ላይ ነው፤ ምሳ ሰዓቱ ላይ ያገኘዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ጥሩ ነው። ከፍሎ ማስተዋወቁን፣ ቡስት የሚባለውን፣ አልመክርም። ክፍያው የውጭ ካርድ ይጠይቃል፤ በደላላ የሚያስከፍሉት ደግሞ ዋጋውን ያንሩታል። ገንዘቡ ከቆመ ማግስት አንባቢውም ይቆማል።

ስለ ድምፅ ሳላነሣ አላልፍም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። የጎጃም ሰው በሐዲስ ዓለማየሁ ብዕር ጎጃምን ያየበት መጽሐፍ ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ገዝቶ ካነበበው ሌላ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማው ስንት ነው! ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቋቸዋል። ጽሑፉን ያደረሰው ድምፅ ነው። ዛሬ ቲክቶክ ላይ መደነስ የማይፈልግ ጸሐፊ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ለምን? ስልክህን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈህ የጽሑፍህን አንድ አንቀጽ ረጋ ብለህ አንብብ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። በቴሌግራምም ሙሉውን በድምፅ ቅጂ ላክ። የአያ ባለቤት ዓይኗ ደክሟል። የእኔን ጽሑፎች የምታውቃቸው በድምፅ ነው፤ ቡና እያፈላች ታዳምጣቸዋለች።

የፊደሉን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስልክና ኮምፒውተሩ ያነቡታል። የገጽ አድራሻ ላይ ሲሆን ግን ችግር አለ። ርዕስህን በአማርኛ እንዳለ አድራሻ ካደረግኸው፣ ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ የእንግሊዝኛ ምልክት ይቀየራል። 20 ፊደል ያለው ርዕስ 180 ምልክት ይሆናል። አንባቢው ያንን የፐርሰንትና የቁጥር ጋጋታ ሲያይ ቫይረስ ይመስለዋል። አድራሻውን በላቲን ፊደል አጭር አድርጉት።

ፍለጋ ላይ ደግሞ የአጻጻፍ ልዩነት አለ። አንዱ «ጎጃም» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ጐጃም»። አንዱ «ደብረ ማርቆስ»፣ ሌላው «ደብረማርቆስ»። «እንጅባራ» እና «እንጂባራ»። «ሃሽታግ» ስትጠቀም እነዚህ የተለያዩ መንደሮች ናቸው። አንዱ ጋ የለጠፍኸው ሌላው ጋ አይታይም። የአጻጻፍ ሥርዓታችሁን ጠብቁ፣ እኔም እጠብቃለሁ። ግን ሰዉ በብዛት የሚጽፈውን ሁለተኛውን አጻጻፍ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ሃሽታጉ ላይ፣ ጨምሩት።

ሊንክ ስትለጥፍ ከሥር የሚወጣው ካርድም ይታይ። ፎቶውና ርዕሱ ከገጹ ነው የሚመጡት። ለፌስቡክ 1,200 በ630 ፒክስል የሆነ ፎቶ ይበቃል። ርዕሱን ካስተካከልህ በኋላም ቴሌግራም አሮጌውን ካሳየህ፣ ዌብፔጅቦት (@WebpageBot) ለሚባለው ቦት፣ ማለትም በራሱ ለሚሠራ የቴሌግራም አካውንት፣ ሊንኩን ላክለት፤ ያድሰዋል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ርዕስ።

«ሰበር!» «ጉድ ነው!» «ሳይጠፋ ሼር አድርጉት!» ይህ ቋንቋ ሰው ያመጣል፤ አልክድም። አንድ ቀን ያመጣል። እኛ ግን ያለነው እናት ስልክ በጮኸ ቁጥር የምትደነግጥበት አካባቢ ነው። የአንድ ወረዳ ስም ያለበት «ሰበር» ውስጡ ስለ መንገድ ጥገና ቢሆን እንኳ፣ እስኪከፈት ድረስ ልጇ እዚያ ያለ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። ከፍቶ ሲያየው ደግሞ ሁለተኛ አያምንህም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን በተመለከተ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሕጉ በፊት ያ የመምህራን ግሩፕ ነው። አንድ ጊዜ ውሸት የሆነ ነገር ብልክ አያ ነው የሚያፍረው። በእሱ ስም ነው የገባሁት።

ፎቶም እንደዚያው ነው። ለእርሻ ጽሑፍ የሌላ አገር ማሳ ፎቶ አትለጥፉ። የጮቄን አፈር የሚያውቅ ገበሬ ወዲያው ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ ጽሑፉንም አያምንም።

ኔትወርኩ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ተዘግተው በቪፒኤን ካልሆነ አይከፈቱም ነበር። እሱ ሐምሌ ላይ ተከፈተ ሲባል፣ በዚያው ወር መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና የሞባይል ዳታ ጠፋ። ለወራት ጠፋ። ዓመታት የለፋንበት ተከታይ ሁሉ ባንድ ቀን ከእጃችን ወጣ። የምጽፈውን አላቆምሁም፤ የማስቀምጥበት ግን አልነበረኝም።

ያን ጊዜ ነው ጽሑፍ ያለ ኔትወርክ እንዴት እንደሚሄድ ያየሁት። ሚሞሪ ካርድ ላይ መዝሙርና ፊልም የሚጭኑ ሱቆች አሉ። አንዱ ጋ ሄጄ ጽሑፎቼን በፒዲኤፍ ሰጠሁት። ቀለል ያሉ ናቸው፤ ፎቶ የላቸውም፣ ስሜና ቀኑ በየገጹ ግርጌ አለ። «ለሚፈልግ ጫንለት» አልሁት። ገንዘብ አልተቀበለኝም። ሰው ደግሞ ያለ ኔትወርክ ፋይል በሚልከው በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይላላከዋል። የአፈሩ ጽሑፍ ያኔ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በዚህ መንገድ ነበር የሚሄደው።

ዛሬ ዳታው ተመልሶም እያንዳንዱን ጽሑፍ በአራት መልክ አስቀምጠዋለሁ፦ ገጹ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ ተከፋፍሎ፣ በድምፅ፣ በፒዲኤፍ። ሥራው አንድ ሙሉ ምሽት ይወስዳል። መጻፉ ከሚወስደው ጊዜ ጋር ሲተያይ ብዙ አይደለም።

አያ ቤት አሁን አንድ ሰማያዊ ክላሰር አለ። ፒዲኤፉን ልጁ አትማለት፣ እሱ ወረቀቶቹን በስቶ አስገብቷቸዋል። ጎረቤት ይዋሰዋል። የመምህርነት ልማዱ አልለቀቀውም፤ ከሽፋኑ ጀርባ አንድ ወረቀት ለጥፎ የተዋሰው ሰው ስሙንና የመለሰበትን ቀን እንዲጽፍ ያደርጋል። ባለፈው ሄጄ ሳየው 14 ስም ነበረበት። ሁለቱ ገና አልመለሱም።